ባለጭራው ቡና

ዲላ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ላይ፣ «ኮንጋ ጌም ቤት» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል አለ። ባለቤቱ ደግነት ደበበ ይባላል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አጠር ያለ፣ ቦርጩ መውጣት የጀመረ፣ ሲያወራ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው። ጠዋት የተሰበረ የስልክ ስክሪን ይቀይራል፤ ከሰዓት በኋላ አራት ፕሌይስቴሽኖቹን ከፍቶ የተማሪ ጩኸት ሲሰማ ይውላል። ተራ ሰው ነው። ግን የትኛውም ተራ ሰው ሕይወቱን ያቆመባት አንዲት ምሰሶ አለችው፤ የደግነት ምሰሶ ከመደርደሪያው አናት ላይ በፌስታል ተጠቅልላ የምትቀመጥ ጥቁር የሴጋ ካሴት ናት።

ሴጋ ላልደረሰበት ሰው ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። ያኔ ጌም የሚመጣው ሳሙና በሚያክል ካሴት ነበር። ማጫወቻው ላይ ይሰካል፤ እምቢ ካለ ይነቀልና እፍ ይባልበታል፤ ተመልሶ ይሰካል። እፍ ማለቱ በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ የዲላ ልጆች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ብቻ ሁሉም ሰው እፍ ይል ነበር።

ካሴቷን ዲላ ያስገቧት ጋሽ ታዲዮስ ናቸው። በሞያሌ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲል፣ በናይሮቢ በኩል የመጣ አሮጌ ሴጋ ከነአምስት ካሴቱ ይዘው ከአንድ ልብስ ሰፊ ጓሮ ጌም ቤት ከፈቱ። አራቱ ካሴቶች ድብድብና ኳስ ነበሩ። አምስተኛዋ ግን ሌላ ነበረች። ላይዋ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ግማሹ ተልጧል፤ ስትከፈት የሚመጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛ እንኳ አይደለም፤ ጋሽ ታዲዮስም ምን እንደሆነች ሲጠየቁ «እኔ የማውቀው የመኪና መሪ ነው» ይሉ ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ትንሽ፣ ድብልብል ያለ ቀይ ፍሬ አለ። ሁለት እግር፣ ሁለት ዓይን፣ አናቱ ላይ ደግሞ ረዘም ያለ አረንጓዴ ጭራ አለው። በጭራው ቅርንጫፍ እየያዘ ከዛፍ ዛፍ ይወረወራል። ከዛፉ ሲወርድ በሁለት የሚሽከረከሩ በርሜሎች መሐል ያልፋል፤ ከዚያ አረፋ በሚደፍቅ ቦይ ውስጥ ይዋኛል፤ ከዚያ እንደሱ ያሉ ፍሬዎች በረድፍ በተኙባቸው ረጃጅም አልጋዎች ላይ እየዘለለ ይሄዳል፤ ከዚያ ከላይ የሚወርድ ወረቀት እንዳይጠቀልለው ይሸሻል። መጨረሻ ላይ አንድ ግዙፍ ነጭ በር ይከፈታል፤ ቀዩ ፍሬ ዘሎ ይገባል፤ ሙዚቃው ይደምቃል፤ አለቀ።

እስቲ ይህን ለጌዴኦ ልጅ አሳዩትና ምንድን ነው በሉት። ሌላ ምን ይላል? ፍሬው ቀይ እሸት ነው፤ በርሜሉ መፈልፈያ ነው፤ ቦዩ ማጠቢያ ጣቢያ ነው፤ አልጋው ቡና የሚሰጣበት አልጋ ነው፤ ወረቀቱ ጆንያ ነው። የዲላ ልጆች ለየደረጃው የአካባቢያቸውን የቡና ቦታ ስም አወጡለት። ዛፍ ያለበት «ኮንጋ» ተባለ፤ ውሃው «ጨለለቅቱ»፤ አልጋው «ፍስሐ ገነት»፤ ነጩ በር ደግሞ ያለ ክርክር «ጅቡቲ»። «የት ደረስክ?» ሲባል «ጨለለቅቱ ላይ ሞትኩ» ይባላል። አንድ ጊዜ አንድ የነጋዴ ልጅ «ቆይ፣ ቡና ጭራ አለው እንዴ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «እንዳይወድቅ ነዋ፣ ደደብ!» ተባለ፤ ነገሩ እዚያው ተዘጋ። ይህን መልስ የሰጠው ደግነት ነው።

ደግነት የተወለደው ኮንጋ፣ ከይርጋጨፌ ወጣ ብሎ ባለው የቡና ቀበሌ ነው። አባቱ አቶ ደበበ ቡናቸውን ከእንሰቱና ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር አሳድገው የሚለቅሙ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው፤ በጉባኤያቸው ሽማግሌዎች መሐል እንኳ ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ «እንደተባለው ነው» ብለው ዝም የሚሉ። ልጃቸውን በስምንት ዓመቱ ዲላ አክስቱ ዘንድ ለትምህርት ሲልኩት ውሉ አንድ ነበር፦ እሸት በሚቀላበት ወራት ዓርብ ተሳፍሮ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይለቅማል፣ እሑድ ይመለሳል። ደግነት ውሉን አከበረ፤ ግን ሲለቅም እጁ ቅርንጫፉ ላይ፣ ዓይኑ የመኪናው መንገድ ላይ ነበር። ክፍል ውስጥ ልጆቹ በጥፍሩ ሥር የቀረውን ጥቁረት እያዩ «ለቃሚው» ይሉታል። በዚህ በጣም ያፍር ነበር። ሰኞ ሰኞ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ጣቶቹን በድንጋይ ይፈትጋል።

ጋሽ ታዲዮስ ቤት ቀዩን ፍሬ ያየ ቀን ያ እፍረት ለቀቀው። እንዴት እንደሆነ ለሰው ማስረዳት እስከ ዛሬ ይቸግረዋል። አንድ የማያውቀው ሰው፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ የአባቱን ሥራ ከዛፉ እስከ ጅቡቲ አንድ በአንድ አስቦ፣ እግርና ዓይን ሰጥቶ፣ ሙዚቃ ጨምሮ ሠርቶታል! እሱን «ለቃሚው» የሚሉት ልጆች ያንኑ ቡና ለማንቀሳቀስ ወረፋ ይጋፋሉ። ደረቱ ተነፋ። ውሉንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ረሳው፤ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ኮንጋ ሳይሄድ ቀረ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ አባቱ ለቀማቸውን አቁመው፣ ልምጭ ይዘው መጡ።

አቶ ደበበ የጌም ቤቱን በር ሞልተው ሲቆሙ ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅ ዱላን ከሩቅ ያሸታል። ደግነት ጆይስቲኩን እንደያዘ ዞሮ አያቸው፤ ማምለጫ የለም። ያን ጊዜ በቤታቸው ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ከአፉ የወጣውን ቃል አስቦ አላወጣውም።

«አባባ፣ ይዩማ! የእኛ ቡና ነው!»

አቶ ደበበ ወደ ቴሌቪዥኑ አዩ። ቀዩ ፍሬ በጭራው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ብዙ ቆይተው አዩት። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እንደገና ቴሌቪዥኑን። ልምጩን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ከልጆቹ መሐል ተቀመጡ።

«ቀጥል» አሉት።

ደግነት እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። አንድም ቦታ ሳይሞት ከኮንጋ ጅቡቲ አደረሰው። ሲያልቅ አባቱ «ይሄ ባለጭራው አሁን የት ገባ?» ብለው ጠየቁ። «ውጭ አገር ነዋ! መርከብ ላይ!» አላቸው። «እህ» አሉ። ተነሥተው፣ ልምጩን እዚያው ትተው፣ «ቅዳሜ እንዳትቀር» ብቻ ብለውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አቶ ደበበ ዲላ በመጡ ቁጥር እንደ ዘመድ ጤና «ባለጭራው ደህና ነው?» ብለው ሳይጠይቁ አይሄዱም። ደግነት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ ዘመድ ሁሉ «ግብርና ይማር፣ ለቡናው ይሆናል» ሲል፣ እሳቸው ግን «የሚያየውን ይማር» ብለው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር እንዲያጠና ፈቀዱለት። የተመረቀ ቀን በጉባኤው ፊት ተነሥተው አመሰገኑ፤ በሕይወታቸው በጉባኤ የተናገሩት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው ይባላል፦ «ልጄ የትም ቢሄድ ቡናችንን ያያል። እግዚአብሔር ይመስገን።» ሕዝቡ አሜን አለ። ደግነት አለቀሰ።

ጋሽ ታዲዮስ ከማረፋቸው በፊት ሴጋውንና ካሴቷን ለእሱ ሰጡት። የራሱን ጌም ቤት ሲከፍትም ስሙን ከመጀመሪያው ደረጃ ወሰደ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ካሴቷን ከፌስታል አውጥቶ እፍ ብሎ ይሰካትና ለልጆች በነጻ ያጫውታል። «ፈረንጅ እንኳ ቡናችንን አክብሮ ጌም ሠርቶለታል!» ይላቸዋል አፉን ሞልቶ። ቢያንስ ሁለት ትውልድ ይህን ሰምቶ አድጓል።

ከነዚያ ልጆች አንዷ ሩሃማ ናት። የዲላ ልጅ፣ ተማሪ ሳለች «ፍስሐ ገነት» ላይ ማንም የማይደርስባት ተጫዋች፣ አሁን አዲስ አበባ በአንድ ማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥራ ትሠራለች። ዘንድሮ ኅዳር፣ ሐሙስ ቀን ረፋድ ላይ፣ ላፕቶፕ አንግታ ጌም ቤቱ ገባች።

«ጋሼ! ሥራ ይዤልህ መጣሁ» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «አንድ ቡና ቆልቶ የሚያሽግ ክላየንት አለን። ማስታወቂያውን በስልክ ጌም አድርጉልን ብሎናል። እኔ ደግሞ ወዲያው ትዝ ያለኝ የኛው ቡና ነው። እየው።»

ስክሪኑ ላይ ቀይ ፍሬ አለ፤ ሳቂታ፣ ባለ ትልልቅ ዓይን፣ በረጅም አረንጓዴ ጭራ ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለ።

«ቁርጥ እሱን!» አለ ደግነት። «ምኑንም አትንኩት።»

«በቃ፣ የቡና አገር ሰው አይቶ አጽድቆታል ብዬ ጻፍኩ» አለችና የሆነ ነገር ነካካች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ሌላም ነገር አለ። ብነግርህም ባልነግርህም የሚከብደኝ ነው።»

«ንገሪኛ።»

ነገረችው። ለዚህ ሥራ ሪሰርች ስትሠራ፣ ድሮ ለማስታወቂያ የተሠሩ ጌሞችን ታሪክ አንብባ ነበር። ነገሩ ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት የጀመረ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጠውም፣ የጥርስ ሳሙና የሚሸጠውም፣ የውሻ ምግብ የሚሸጠው ሳይቀር የየራሱን ጌም በካሴት ያሠራ ነበር። ብዙዎቹ ሱቅ አይሸጡም፤ ዕቃውን ለመግዛትህ ማስረጃ ይሆን ዘንድ መጠቅለያውን ቆርጠህ በፖስታ ትልካለህ፣ ካሴቱ ይላክልሃል። ቀጥሎ የቁርስ ምግብ ካርቶን ውስጥ ጌም ያለበት ሲዲ መክተት መጣ። ቀጥሎ ኢንተርኔት። በሺህ የሚቆጠሩ የብስኩት፣ የመኪና፣ የጫማ ጌሞች ድረ ገጽ ላይ ተለቀቁ፤ ከዓመታት በኋላ የሚሠሩበት ፕሮግራም ሲዘጋ እነሱም አብረው ጠፉ። ማንም አላለቀሰላቸውም። ማስታወቂያ ናቸዋ! ከረሜላው ከተበላ ወረቀቱን ማን ያስቀምጣል?

«እና?» አለ ደግነት።

ሩሃማ አንድ ሥዕል ከፈተች። የካሴት ሽፋን ነው፤ እሱ ግማሹን ብቻ የሚያውቀው ሥዕል፣ ሙሉው። ቀዩ ፍሬ አለ፤ ከጎኑ በደማቅ ፊደል የአንድ ከረሜላ ስም።

«የከረሜላ ፋብሪካ ነው፣ ጋሼ። የነሱ አገር ቀይ ፍሬ ጣዕም ያለው ከረሜላ ነበራቸው። ሃያ መጠቅለያ ለላከ ልጅ ጌሙን ይሰጡ ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። ጌሙንም ማንም አላገኘውም፤ ይሄ ሽፋንና አጭር መግለጫ ብቻ ነው የቀረው። በዓለም ላይ ያለችው ያንተዋ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።»

ደግነት መግለጫውን አስተረጎማት። ፍሬው ከዛፍ ይለቀማል፤ በማሽን ይጨመቃል፤ በስኳር ውሃ ይፈላል፤ እንዲደርቅ መደርደሪያ ላይ ይደረደራል፤ ይጠቀለላል። መፈልፈያው መጭመቂያ ነበር። ጨለለቅቱ የፈላ ስኳር ነበር። ፍስሐ ገነት የከረሜላ ማድረቂያ መደርደሪያ ነበር። በመጨረሻም ልጅ ይበላዋል። ጅቡቲ፣ ያ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ መርከብ የቆመበት ነጭ በር፣ ጥርስ ነበር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሱም በሳቀ ነበር። ወሽመጡ ቁርጥ አለ እንጂ አልሳቀም።

«ጋሼ፣ በጣም ደስ የሚል ታሪክ እኮ ነው!» አለች ሩሃማ፣ ለማጽናናት ይሁን ከልቧ አልለየም። «እኛ ቪዲዮ መሥራት ፈልገናል። ቅዳሜ ኮንጋ ሄደን አባትህን እንቀርጻለን። ቡናቸውን ጌም ውስጥ ያዩት ገበሬ፤ ለካ ከረሜላ ነው! ሰው ይወደዋል።»

«ሰው ይስቅበታል» አለ ደግነት። «አባቴን መሳቂያ ልታደርጊው ነው?»

«እውነቱን ደብቀን ብንሠራው ይባስ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ማውጣቱ አይቀርም። እንደውም አንተ ቀድመህ ንገራቸው። ደስ ካላላቸው ይቀራል።»

ከሄደች በኋላ ደግነት ፕሌይስቴሽኖቹን አልከፈተም። በሩን ገርበብ አድርጎ ካሴቷን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። የተናደደው በፈረንጁ አልነበረም፤ ከረሜላ ሻጭ ከረሜላውን መሸጡ ምን ያስደንቃል? ለሕፃናቱ የነገራቸውም ቢሆን በአንድ ቅዳሜ ይስተካከላል፣ «ተሳስቼ ነበር» ማለት ነው። የጨነቀው ልምጩ ነው። ያን ቀን አባቱ ልምጩን ያስደገፉት «የእኛ ቡና ነው» ስላላቸው ነው። ኮምፒውተር የተማረው፣ የተመረቀው፣ ቤቱን የከፈተው፣ ሁሉም ከዚያ ቃል ወዲህ የመጣ ነው። ቃሉ ሐሰት ከሆነ በአባቱ ዘንድ ምን ይቀርለታል? አንድ ምስኪን ገበሬ፣ ዕድሜውን ሙሉ የለቀመው እሸት ከመኪና ወዲያ የት እንደሚገባ አይቶ የማያውቅ፣ አንድ ጊዜ አየሁ ብሎ በጉባኤ ፊት ያመሰገነ፣ በሰባ ሁለት ዓመቱ «ያየኸው ከረሜላ ነው» ሊባል ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ደግነት ያን ጊዜ ባይነጋ ይሻለው ነበር።

ዓርብ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሮ ይርጋጨፌ ወረደ፤ ከዚያ በሞተር ኮንጋ። መንገዱን ሁሉ ንግግሩን ሲያዘጋጅ ነበር። «አባባ፣ ሰው ይሳሳታል» ብሎ ሊጀምር አሰበ፤ ተወው። «አባባ፣ አንድ የሚያስቅ ነገር» ብሎ ሊጀምር አሰበ፤ እሱንም ተወው። ባለሞተሩ ሁለት ጊዜ «ምን አልክ?» ብሎ ዞሮ ጠየቀው።

አቶ ደበበን ከቤቱ ጀርባ አገኛቸው። ወገባቸው ላይ ቅርጫት አስረው፣ አንዱን የቡና ግንድ በእጃቸው ዝቅ አድርገው ቀይ ቀዩን ይለቅማሉ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ቅርንጫፉን ወደ ፊታቸው አቅርበው ነው የሚያዩት።

«በዓርብ ቀን? ደህና ነህ?» አሉት። «ባለጭራውስ ደህና ነው?»

ደግነት ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋው። ቆሞ፣ እጁን እንኳ ሳያወራጭ፣ እንዳለ ዘረገፈው፦ ከረሜላውን፣ ፋብሪካውን፣ ሃያውን መጠቅለያ፣ ጥርሱን፣ ቅዳሜ ሊቀርጿቸው የሚመጡትን ሰዎች። «ቡና አይደለም፣ አባባ። አልነበረም። አታለልኩዎት። ሳላውቅ ነው እንጂ አታለልኩዎት። ሰው ይስቅብዎታል ብዬ ፈራሁ።»

አቶ ደበበ መልቀማቸውን አላቆሙም። ሦስት አራት ፍሬ ቅርጫታቸው ውስጥ ጣሉ።

«በእኔ?» አሉ በመጨረሻ። «በእኔ ለምን ይስቃሉ? እኔ ቡና አውቃለሁ።»

«አባባ…»

«ና እስቲ ወዲህ።» ቅርንጫፉን ወደ እሱ አዘነበሉለት። ከቅጠሉ ሥር እሸቱ ጥምጥም ብሎ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ፣ እንጨቱን ግጥም አድርጎ ይዞታል። «ጭራው የታል?»

ደግነት አየ። ጭራ የለም። አንዱም ፍሬ ጭራ የለውም። ሁሉም ቅርንጫፉ ላይ ልክክ ብለው ተቀምጠዋል።

«በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ነው ያወቅሁት» አሉ አባቱ። «ቡና ሳሳድግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጭራ ያለው ቡና አለ ብሎ ማን ያታልለኛል?»

ደግነት ሃያ አራት ዓመቱን ወደ ኋላ ፈተሸ። «ባለጭራው የት ገባ?» «ባለጭራው ደህና ነው?» አባቱ አንድም ቀን፣ በስህተት እንኳ፣ ያን ነገር ቡና ብለውት አያውቁም። በጉባኤው ፊትም ያሉት ልጄ ቡናችንን ያያል ነው። ጌሙን አላነሡም። ያነሡ የመሰለው ለእሱ ነው።

«ታዲያ ልምጩን ለምን ጣሉት?» አለ። ድምፁ እንደዚያ ቀን ልጅ ሆኖ ወጣ።

«ልምጭ ይዤ የመጣሁት ከቡናው የሸሸህ መስሎኝ ነበር» አሉ አቶ ደበበ። «ልጄን ከተማ በላው ብዬ፣ መንገዱን ሙሉ ስናደድ መጣሁ። ስገባ አንተ 'የእኛ ቡና' አልከኝ። በቀይ ነገር ውስጥ ሁሉ የእኛን ቡና የሚያይ ልጅ፣ ከየት ሸሸ ብዬ ልምታው?»

ደግነት ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አባቱ እንዳያዩት ወደ ግንዱ ዞረ። ሰው የተገነባበት ምሰሶ ተነቅሎ እሱ ራሱ ሳይወድቅ ሲቀር እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

«እና ለምን አልነገሩኝም? ይህን ሁሉ ዓመት?»

አቶ ደበበ ቅርጫታቸውን ከወገባቸው ፈትተው መሬት አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ለደግነት ይቀለው ነበር።

«ልነግርህ ነበር። በኋላ፣ ተወው፣ ራሱ ያያል አልኩ። ቅዳሜ ሲመጣ እየለቀመ ያያል። ሳታይ ስትቀር፣ ለከርሞ ያያል አልኩ። ተመርቀህ ስትመጣ፣ አሁንስ ያያል አልኩ። በመጣህ ቁጥር 'ባለጭራው ደህና ነው?' እልሃለሁ፤ አንተ 'ደህና ነው' ትለኛለህ።» እጃቸውን ቅርንጫፉ ላይ አሳረፉ። «ያንን ስታይ ኖርክ። ይሄን ግን አንድ ቀን ዞር ብለህ አላየኸውም።»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። ደግነት ጠዋት ሲመጣ የፈራው አባቱ ይዋረዱብኛል ብሎ ነበር፤ አሁን የሚያቃጥለው ሌላ ነው። በዲላ ሁሉ ቡናችን ቡናችን ሲል ኖሮ፣ ለሁለት ትውልድ ልጅ ሲሰብክ ኖሮ፣ የአባቱን ቅርንጫፍ አንዴ ልብ ብሎ አላየም። ትናንት እንኳ ሩሃማ ያን ሥዕል ስታሳየው «ምኑንም አትንኩት» ያላት እሱ ነው።

ሥዕሉ ትዝ ሲለው ደነገጠ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ኮንጋ ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ከእንሰቱ ወጣ ሲሉ ነው፤ ሁለት እርምጃ ወጣ አለና አንድ የቡና ግንድ አጠገብ ቆመ። አባቱ ቅርጫታቸውን መልሰው ታጥቀው ሥራቸውን ቀጠሉ።

«ሩሃማ፣ ሥዕሉ ስህተት ነው።»

«እንዴ? ምኑ ጋሼ? ትናንት አጽድቀህልኝ እኮ ለክላየንቱ ልኬዋለሁ።»

«አስመልሺው። ጭራውን አጥፉት። ቡና ጭራ የለውም።»

«ጭራ?» አለች ሩሃማ። እሷም የዲላ ልጅ ናት፤ እሷም እያሰበች እንደሆነ ገባው።

«ወይኔ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ጋሼ፣ ጨዋታው እኮ በጭራው መንጠልጠል ነው። ጭራ ከሌለው ቅርንጫፉን በምን ይይዛል?»

ደግነት ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በእጁ ሲነካው የኖረ ነገር ነው፤ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ መኖር ነበረበት። የለም። ወደ አባቱ ዞረ፤ እሳቸው እየሰሙ ነው፣ ግን ቀና አላሉም።

«ቆይ» አለ። «አይቼ ልንገርሽ።»

ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሐል ይዞ፣ አጠገቡ ያለውን ቅርንጫፍ በሁለት እጁ ወደ ዓይኑ አቀረበ።